ክብሪት የሌለው የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥን

ሥራ በጀመርኩበት ቀን ሲስተር የሺ «እንኳን ደህና መጣህ» የሚለውን ቃል ሳይጨርሱ ባዶ የእንጨት ሣጥን አቀበሉኝ።

«ነገ ተማሪዎች ወደ ጎማ ወረዳ ለቡና ለቀማ ይሄዳሉ። የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥናቸውን አንተ ሸክፍ» አሉኝ።

ሲስተር የሺ የክሊኒኩ ኃላፊ ነበሩ። ክሊኒኩ ጅማ ውስጥ፣ ከሄርማታ ገበያ ትንሽ ወረድ ብሎ ነው። እኔ ጴጥሮስ እባላለሁ፤ ድሬሰር ነበርኩ። ድሬሰር ቁስል ያጥባል፣ ፋሻ ያስራል፣ መርፌ ይወጋል፤ በማዕረግ ከነርስ በታች ነው። ለገበያተኛው ግን ነጭ የለበሰ ሁሉ «ዶክተር» ስለሆነ መንገድ ላይ ስወጣ ሹመቴ ከደሞዜ ይበልጥ ነበር። ከከምባታ የመጣሁት በዚያው ሳምንት ነው። የሰጡኝ ጋዋን ከእኔ በፊት ለነበረ ረጅም ሰው የተሰፋ በመሆኑ እጅጌውን አጥፌ አጥፌ ነበር የለበስኩት።

ሣጥኑን ሞላሁት። ጥጥና ፋሻ፣ ቁስል መስፊያ መርፌና ክር፣ ትልቅና ትንሽ መቀስ፣ በጠርሙስ አዮዲን፣ በጠርሙስ አልኮል፣ የልብ ማዳመጫ፣ ግሉኮስ ከነቱቦው። ክዳኑ አልዘጋ ሲለኝ ተቀመጥኩበት። ሲስተር የሺ እንደተቀመጥኩ ደረሱብኝ።

«ተነሥ እስቲ» አሉና ከፈቱት። ግሉኮሱን አንሥተው፣ «ይህን ጫካ ውስጥ ማን ይሰቅለዋል?» ብለው ጠየቁኝ።

«የጤና ባለሙያ ካለ...»

«አንተ አብረህ ትሄዳለህ?»

«አልሄድም።»

«እንግዲያው የለም።»

ዕቃውን አንድ በአንድ እያወጡ ጠረጴዛው ላይ ደረደሩት። ሣጥኑ ውስጥ ጥጥና ፋሻ ብቻ ቀሩ። «ይህን የሚከፍተው ተማሪ ነው። ጓደኛው እየደማ፣ የራሱ እጅ እየተንቀጠቀጠ ነው የሚከፍተው። የሚንቀጠቀጥ እጅ የማይችለውን ዕቃ አትላክ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ ሲባል አልሰማህም?» አሉኝ። ተረቱን ሰምቼዋለሁ፤ ለጥጥና ለፋሻም እንደሚሠራ ግን የሚነግረኝ ሰው አልነበረም።

በዚያ በደርግ ዘመን ቡና ሲቀላ የጅማ ተማሪና የቀበሌ ወጣት በኤንትሬ የጭነት መኪና እየተጫነ ወደ ጎማ፣ ወደ ጌራ፣ ወደ ሊሙ ይወርድ ነበር። ክረምት ሲሆን ደግሞ ችግኝ ይተክላል። ስሙ ዘመቻ ይባል እንጂ ለልጆቹ ከቤት መውጫ ነበር። ቀን ይለቅማሉ፣ ማታ መጋዘን ውስጥ ተደርድረው ይተኛሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ይፋቀራሉ። ድምፃቸው ዘግቶ፣ እግራቸው ተልጦ ይመለሳሉ። ሣጥኑ የሚወጣው ከእኛ ክሊኒክ ስለነበር መሸከፉ የእኔ ሥራ ሆኖ ቀረ።

ከሲስተር የሺ ቀጥሎ ያስተማረኝ ጫካው ነው። የመጋዘኑ ወለል አፈር ስለሆነ ሙጀሌ ይፈላበታል። ሙጀሌ የእግር ጣት ውስጥ ገብታ እንቁላሏን የምትጥል የቁንጫ ዘመድ ናት፤ በመርፌ ጫፍ ተፈልፍላ ነው የምትወጣው። ስለዚህ መርፌ ጨመርኩ። መርፌው በእሳት እንዲለበለብ ደግሞ ክብሪት ጨመርኩ።

የጌራ ምንጭ አልቅት አለበት። እግር ላይ የተጣበቀ አልቅት ጨው ሲነሰነስበት ይለቃል፤ ጨው ላክሁ። ልጆቹ ጨዉን በተቀቀለ ጎደሬ በልተውት፣ አልቅቱን በጥፍራቸው ሲነቅሉ ሰነበቱ። በሚቀጥለው ዓመት ጨዉን ሁለት ቦታ ቋጥሬ በአንደኛው ላይ «ለጎደሬ» ብዬ ጻፍኩበት። ሲስተር የሺ አይተው ሳቁ፤ «አሁን ገብቶሃል» አሉኝ።

አንድ ጊዜ እጁን በገጀራ የቆረጠ ልጅ ቁስሉን በተወቀጠ ቡና ሞልቶ መጣ። የጅማ ሰው ደም ሲያይ እጁ የሚሮጠው ወደ ቡና ነው። እውነት ለመናገር ደሙ ቆሞ ነበር። ግን ቡናውን ከሥጋው ውስጥ እያጠብኩ ማውጣት ረፋዱን ሙሉ ፈጀብኝ። ልጁ ጥርሱን ነክሶ፣ «ለቀማው አልቋል ብለውን ነበር፤ ለካ ገና ነው» እያለ ያሾፍብኛል። ከዚያ ወዲህ ሳሙናን ክዳኑ ሲከፈት መጀመሪያ እጅ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ማስቀመጥ ጀመርኩ።

የዘማቾቹ አለቃ፣ የአወቱ መንደራ ቀበሌ ወጣቶች መሪ፣ ጓድ ተፈራ ይባል ነበር። ሲጋራ ከአፉ የማይለይ፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ የሚቸኩል ሰው ነው። ሣጥኑን ሊረከብ ሲመጣ የሚጎድል ነገር አያጣም።

«ጓድ ጴጥሮስ፣ ይህ ሣጥን ደሃ ነው። ማዳመጫ እንኳ የለውም። ሰልፍ ላይ ሲታይ ምን ይባላል?»

«ጓድ ተፈራ፣ ሰልፍ ላይ ሙጀሌ የለም» እለዋለሁ።

አይስቅም። ክፉ ሰው ግን አልነበረም። ልጆቹ ሁሉ ተቆጥረው ሳይመለሱ እሱ ከመኪናው አይወርድም ነበር።

ከዕቃዎቹ ሁሉ የምወደው ባለ ሦስት ማዕዘን ጨርቁን ነው። የተሰበረ ክንድ ያንጠለጥላል፣ የደማ ራስ ይጠመጥማል፣ ሲታጠፍ ትራስ ይሆናል። የሚሰፉልን አባ ረሻድ ነበሩ፤ ሄርማታ መስጊዱ አጠገብ ሱቅ ያላቸው ልብስ ሰፊ። ረሻድ የመጀመሪያ ልጃቸው ነው፤ ሰው ሁሉ በእሱ ስም ይጠራቸዋል። አቡጀዲውን ቆርጠው፣ ጠርዙን ቀምቅመው ለልጃቸው ለፈቲያ ያቀብሏታል። እሷ ታጥፋለች። ያኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበረች። የእሷ አስተጣጠፍ አንዱን ጫፍ ብቻ ሲይዙት በአንዴ የሚዘረጋ ነው፤ እንደዚያ ማጠፍ እኔ ዛሬም አልችልበትም።

«ዶክተር፣ ጌራ ጉሬዛው ሰው ላይ ፍሬ ይወረውራል የሚባለው እውነት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ አንድ ቀን።

«እኔም ሄጄ አላውቅ። የሚሄደው ሣጥኔ ነው።»

«የእኔም ጨርቄ ነው የሚሄደው» አለች እየሳቀች።

አባቷ ከስፌት መኪናቸው ቀና ሳይሉ «ሥራሽን» አሏት። ሣቋን ዋጥ አድርጋ ማጠፏን ቀጠለች።

ለምን ለቀማ እንደማትሄድ ያወቅሁት ሌላ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ጨርቆቹን እያስረከበችኝ ድንገት ዝም አለች። ዓይኗ ወደ ላይ ተሰቀለ፤ ወደቀች፤ ሰውነቷ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አባ ረሻድ መጀመሪያ ያደረጉት የሱቁን በር መዝጋት ነው። ቀጥለው ከኪሳቸው ክብሪት አወጡ። ብዙ እንጨት አንድ ላይ ጭረው ጭሱን ወደ አፍንጫዋ አስጠጉት።

የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሲወድቅ ክብሪት ማሽተት በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ጭሱ ያነቃል ይባላል። መንቀጥቀጡ በራሱ ጊዜ ሲቆም ምስጋናው ለክብሪቱ ይሆናል። ፈቲያ ከላይኛው ከንፈሯ በላይ ጠባሳ ነበራት፤ የልጅነት ቡግንጅ ይመስለኝ ነበር። የክብሪት እሳት መሆኑ የገባኝ ያን ቀን ነው።

«አባ ረሻድ፣ ክብሪቱን ያጥፉት» አልኳቸው። በጎኗ አዞርኳት፤ ከታጠፉት ጨርቆች አንዱን ከራሷ ሥር አደረግሁ፤ መቀሱን ከአጠገቧ አራቅሁ። ሌላ ምንም አላደረግሁም። ቆይቶ መንቀጥቀጡ ቆመ፤ ትንፋሿ ተስተካከለ፤ እንቅልፍ ወሰዳት። አባ ረሻድ የተዘጋውን በር ተደግፈው ያለቅሱ ነበር።

«ማሎ፣ ዶክተር፣ ማሎ» አሉኝ፤ በኦሮምኛ እባክህ ማለታቸው ነው። «ያየኸውን አላየህም።»

«አላየሁም። ሲስተር የሺ ግን ሊያዩአት ይገባል።»

በክሊኒኩ የጓሮ በር ይዘዋት መጡ። ሲስተር የሺ ማታ ማታ የሚዋጥ ፌኖባርቢታል አዘዙላት። «ይቀንስላታል፤ ጨርሶ ያጠፋዋል ብዬ አልዋሽዎትም» አሏቸው። «አንድም ማታ እንዳይታለፍ። እሳት አጠገብ፣ ወንዝ ዳር፣ ዛፍ ላይ ብቻዋን አትሁን። ክብሪቱም ይብቃ።» አባ ረሻድ «ኤዬ፣ ኤዬ፣ አዎ፣ እሺ» እያሉ ሰሟቸው። ክረምቱ ፈቲያ አንድ ጊዜም ሳትወድቅ አለፈ።

ኅዳር ሲገባ የጌራ ለቀማ መጣ። ያን ዓመት ጓድ ተፈራ አዲስ ሥርዓት አወጣ፤ የሚቀር ሰው በስብሰባ ላይ ቆሞ የሚቀርበትን ምክንያት ይናገራል። ፈቲያ በየዓመቱ ሆዷን እያመማት ነበር የምትቀረው። አሁን ያን በሁሉ ፊት ቆማ መናገር ሊኖርባት ነው። ወይ መዋሸት፣ ወይ መናገር፣ ወይ መሄድ። አባ ረሻድ ልጃቸውን ይዘው ወደ ክሊኒኩ መጡና አራታችን በሲስተር የሺ ቢሮ ተቀመጥን።

«ትዋሽ» አሉ አባ ረሻድ። «እንደ አምናው ሆዴን በይ።»

«አባ፣ እኔ መሄድ እፈልጋለሁ» አለች ፈቲያ። «ክፍሉ ሙሉ ከጌራ ሲመለስ እስከ ፋሲካ የሚያወራው ስለ ጌራ ነው። እኔ ሁልጊዜ ዝም ብዬ የምሰማ ነኝ።»

ሲስተር የሺ አባቷን አዩአቸው። «አባ ረሻድ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል።»

«በሽታዋን የተናገረች ደግሞ ባል የላትም» አሉ አባ ረሻድ። «ይህን ማንም አይተርተውም፤ ግን እኔ አውቀዋለሁ። አረፋው ይተላለፋል ብለው አብሯት የሚበላ ይጠፋል። ወላሂ አንድ ሰው ካወቀ ሄርማታ ሙሉ አወቀ ማለት ነው።»

እኔ በልቤ ከእሳቸው ጋር ነበርኩ። የእኛ የጴንጤዎቹ ጸሎት ቤት ያን ጊዜ በመንግሥት ታሽጎ ነበር። እሑድ እሑድ ጊንጆ ሰፈር ውስጥ በአንድ ሰው ጓዳ ተሰብስበን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነበር የምንዘምረው። የመደበቅን ጥቅም ለእኔ የሚያስረዳኝ ሰው አላስፈለገኝም።

መላ ያመጡት ሲስተር የሺ ናቸው። «ሣጥኑን እሷ ትያዝ» አሉ። ሣጥን ያዥ የሆነች ልጅ ማታ ማታ ሣጥን ብትከፍት የሚገርመው የለም። መድኃኒቷ ከሌላው ዕቃ ጋር አብሮ ይሄዳል። ዛፍ ላይ አትወጣም፣ ውሃ አትቀዳም፤ ሣጥኑን ስለምትጠብቅ ማንም ለምን አይላትም። አባ ረሻድ ልጃቸውን አዩ፤ ሲስተር የሺን አዩ። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረው፣ «ማንም እንዳያውቅ። አደራ» አሉኝ። ልጅቷ ደስ ብሏት የአባቷን እጅ ሳመች።

የዚያን ዓመት ሣጥን ከእሷ ጋር ሸከፍነው። ሳሙና፣ ጥጥ፣ ፋሻ፣ ፕላስተር፣ ጨርቆቹ፣ የቀርከሃ ስንጥር ለተሰበረ እጅ፣ መርፌ፣ ሁለቱ የጨው ቋጠሮ። ክብሪቱን አውጥቼ ኪሴ ከተትኩት።

«መርፌውን በምን እንለብልበው?» አለችኝ።

«ቀቅሉት። ክብሪት ካለ ያሸትቱሻል።»

ሣጥኑን አየችው፤ ቀጥሎ እኔን። «ዶክተር፣ የጓድ ተፈራ ኪስ እኮ ክብሪት ነው። ወጥ ቤቶቹ ጋም አለ።» ቆየት ብላ ደግሞ፣ «እኔ ከወደቅሁ ሣጥኑን ማን ይከፍተዋል?» አለችኝ።

ብዙ ዓመት ሣጥን ሸክፌ ያንን ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። «አላህ ያውቃል በይ» አልኳት፤ ጴንጤ ሆኜ እንደዚያ ማለቴ አሳቃት።

በመሄጃው ጠዋት መኪናው ከመጫኑ በፊት ሣጥን ያዡ ሣጥኑን በሁሉ ፊት ከፍቶ እያንዳንዱን ዕቃ ያሳያል። ይህ የሲስተር የሺ ትእዛዝ ነበር፤ ያላዩትን ዕቃ በድንጋጤ ጊዜ ፈልገው አያገኙትም ይላሉ። በቀበሌው አዳራሽ ፈቲያ ጠረጴዛው ፊት ቆመች። እኔ ከኋላ ነበርኩ።

ሳሙናውን አነሣች። ጨርቁን በአንድ ጫፉ ይዛ ስትዘረጋው ልጆቹ አጨበጨቡ። «ይሄኛው ጨው ለአልቅት፣ ይሄኛው ለጎደሬ» ስትል አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ቀጥላ የክኒኑን ብልቃጥ አወጣች። እንድትደብቀው ከጥጡ ሥር አድርጌላት ነበር።

«ይሄ የእኔ ነው» አለች። «ማታ ማታ እውጠዋለሁ። የሚጥል በሽታ አለብኝ።»

ሳቁ ጠፋ። ክኒኖቹ ብልቃጡ ውስጥ ሲንኳኩ እስከ ኋላ ይሰማኝ ነበር። ድምፅዋ ግን አልተንቀጠቀጠም።

«ከወደቅሁ በጎኔ አዙሩኝ። ይሄን ጨርቅ ከራሴ ሥር አድርጉ። አትያዙኝ፤ አፌ ውስጥ ምንም አትክተቱ፤ ውሃ አታፍስሱብኝ። ክብሪት አታሽትቱኝ።» ጣቷን ጠባሳው ላይ አደረገች። «ያቃጥላል እንጂ አያነቃም። ራሴ እነቃለሁ።»

የፊተኛው አግዳሚ ወንበር ላይ የነበሩት ልጆች ወንበሩን ወደ ኋላ ሲጎትቱት ተሰማ። ድምፁ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሮጬ ሄጄ ሣጥኑን ልዘጋባት ፈለግሁ። አልሄድኩም።

አብራት የምትቀመጠው ወርቅነሽ የምትባል ልጅ እጇን አወጣች። «አረፋው ቢነካን ይይዘናል?»

«አይዝም። ከስንተኛ ክፍል ጀምሮ ነው አብረን የምንበላው?»

ወርቅነሽ አሰበችበት። «ከአምስተኛ» አለች። ተነሥታ ጠረጴዛው ጋ ሄደችና ጨርቁን ተቀብላት አገላብጣ አየችው፤ የት እንደሚቀመጥም ጠየቀቻት።

የጓድ ተፈራ ሲጋራ እጁ ላይ ተቃጥሎ ሊያልቅ ነበር። «ተቃውሞ ያለው?» ብሎ ጠየቀ። የለም። «እንግዲያው ሣጥኑ ጸድቋል። ወደ መኪና» አለ። ልጆቹ ተጫኑና ሄዱ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ከምሳ በፊት አባ ረሻድ ክሊኒኩ በር ላይ ቆሙ።

«አደራ ብዬህ ነበር።»

«እኔ አልተናገርኩም፤ ራሷ ናት።»

«ሣጥኑን ባትሰጣት አትናገርም ነበር።»

ይህን መካድ አልቻልኩም። የሰጠናቸውን አቡጀዲ ሳይቆርጡ ጠቅልለው አምጥተውት ነበር፤ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። «ሌላ ሰፊ ፈልግ» አሉኝ። ሊወጡ ሲሉ ዞር ብለው፣ «ጎረቤቴ ዛሬ ሰላም ያለችኝ ከመንገድ ማዶ ሆና ነው» አሉ። ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ልጆቹ በሌሉበት ጊዜ በአባ ረሻድ ሱቅ በኩል ሳልፍ የስፌት መኪናው ድምፅ ይሰማኛል፤ እሳቸው ቀና አይሉም። አዝነውብኛል፤ እኔም በበኩሌ ፈርቻለሁ። ጌራ ላይ ብትወድቅና ልጆቹ ሸሽተው ቢተዋት፣ ተመልሳ በየት በኩል ትምህርት ቤት ትገባለች? በየት በኩል ሄርማታን ታቋርጣለች? ጓዳችን ውስጥ ስለ እሷ ጸለይኩ። ሲስተር የሺም እንደ ወትሮው አይቆጡም ነበር፤ እሳቸውም ፈርተው እንደነበር ከዚያ አውቄዋለሁ።

መኪናው የተመለሰው ፀሐይ ሳትገባ ነው። አዳራሹ ደጃፍ ላይ ቤተሰብ ተሰብስቦ ነበር። አባ ረሻድ ከመንገዱ ማዶ ለብቻቸው ቆመዋል። መጀመሪያ የወረደው ጓድ ተፈራ ነው፤ ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣ።

«ጓድ ጴጥሮስ፣ ልጅቷ ሥራ አስቆመችብን» አለኝ።

«ወደቀች?»

«ዝናብ ሲደበድበን ባደረ ማግሥት፣ የቡናው ረድፍ መካከል። እኔ ክብሪቴን አውጥቼ ጭሬ ነበር። እጅ ዝም ብሎ ይሄዳል እኮ። ያቺ ወርቅነሽ እፍ ብላ አጠፋችብኝ።» ሲጋራ ለመለኮስ ኪሱን ዳበሰና ተወው። «ከዚያ የእርሻው ካቦ መጥቶ ለምን ሥራ ቆመ ብሎ ጮኸብን።»

«ምን አላችሁት?»

«ተቀመጥ አልነው።» ጓድ ተፈራ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ፈቲያ ሣጥኑን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ወረደች። ድምፅዋ እንደ ሌሎቹ ዘግቶ ነበር። አባ ረሻድ መንገዱን ተሻግረው ፊቷ ቆሙ። ሰላም አላሏትም።

«ወደቅሽ?»

«ኤዬ፣ አባ።»

«ማን አየሽ?»

«ሁሉም።»

አባ ረሻድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ምን አደረጉሽ?»

«ጠበቁኝ» አለች ፈቲያ። «ዓይኔን ስገልጥ ቅርጫታቸውን አስቀምጠው፣ ሁሉም ዙሪያዬን ቁጭ ብለው ነበር።»

አባ ረሻድ አገጯን ይዘው ቀና አደረጓትና ከንፈሯን በአውራ ጣታቸው ዳበሱ። አዲስ ቃጠሎ አልነበረም። «ኢንታላ ኮ» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ሣጥኑን ከትከሻዋ ተቀበሉና ተያይዘው ወደ ሄርማታ ሄዱ። ሣጥኑ የክሊኒኩ ንብረት ነበር፤ መልሱልኝ ግን አላልኳቸውም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሣጥን ሸክፌ ጡረታ ወጣሁ። እንጨቱ በፕላስቲክ ተተካ፤ መጋዘኖቹም ሲሚንቶ ሆኑ፤ ሙጀሌ ቀነሰ። አሠራሬ ግን ከዚያ ዓመት ወዲህ አልተለወጠም። ዕቃ ከመምረጤ በፊት የሚሄዱትን ልጆች ለየብቻ እየጠራሁ ምን እንደሚያማቸው እጠይቃለሁ። ለሌሎቹ መናገር አለመናገሩ የልጁ ፈንታ ነው። የሚሄደውን ሰው ሳያውቁ ሣጥን አይሸከፍም።